እድር ሲበተን ምን ይጎድላል? ስትራክቸራል ፈንክሽናሊዝም የሚያስረዳውና የማያስረዳው

የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ፒያሳንና አራት ኪሎን፣ በ2017 መግቢያ ደግሞ ካዛንቺስን ሲያዳርስ፣ ከካሳና ከምትክ ቤት ክርክር ጎን ሌላ ጥያቄም ተነሥቷል። ነባር ሰፈሮች ሲነሡ እድሮቻቸው ምን ይሆናሉ? አንደኛው ወገን «እድር ማኅበረሰቡን አስተሳስሮ የያዘ ነው፤ እሱ ከፈረሰ ሌላውም ይፈርሳል» ይላል። ሌላው «እድር ኢንሹራንስ ባልነበረበት ዘመን ያገለገለ ነው፤ ዛሬ የሚተካው ሞልቷል» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ተከራካሪዎች ሳያውቁት በአንድ የሶሺዮሎጂ ንድፈ ሐሳብ ቋንቋ እየተናገሩ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ስትራክቸራል ፈንክሽናሊዝም ይባላል፤ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሶሺዮሎጂ መግቢያ ኮርስ ላይ ከግጭት ንድፈ ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ማለት ነው። ችግሩ አብዛኛው ተማሪም ሆነ ተከራካሪ ይዞት የሚወጣው «ማንኛውም የማኅበረሰብ ክፍል ጥቅም አለው» የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ደግሞ የንድፈ ሐሳቡ ደካማ ቅጂ ነው፤ ራሳቸው ፈንክሽናሊስቶች ከ75 ዓመት በፊት ውድቅ አድርገውታል።

መዋቅርና ተግባር

ስትራክቸር ወይም መዋቅር የሚባለው ሰዎቹ ቢለዋወጡም ጸንቶ የሚቆይ የግንኙነት ሥርዓት ነው። የእድር ሰብሳቢ ሲሞት ሌላ ይመረጣል፤ ጸሐፊው ሲለቅ መዝገቡን ሌላ ሰው ይረከባል። ቦታዎቹ፣ በቦታዎቹ መካከል ያለው ግዴታና መብት፣ የሚጠበቀው ጠባይ ይቀጥላሉ። ፈንክሽን ወይም ተግባር ደግሞ ይህ መዋቅር ለሰፊው ሥርዓት የሚያስገኘው ውጤት ነው። ሐሳብ ወይም ዓላማ አይደለም፤ ውጤት ነው። ብዙ ስሕተት የሚጀምረው ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

እንግሊዛዊው ኸርበርት ስፔንሰር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማኅበረሰብን ልብና ሳንባ ተደጋግፈው ከሚሠሩበት አካል ጋር አመሳስሎት ነበር። ምሳሌው ለመማሪያ ይመቻል፤ ለምርምር ግን አሳሳች ነው። ከሱ ይልቅ መሠረቱን ያጸናው ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የሥራ ክፍፍል ሰዎችን እንዴት እንደሚያስተሳስር አሳየ። በ1895 ስለ ሶሺዮሎጂ ዘዴ ሲጽፍ ደግሞ ዛሬም የሚዘነጋ ደንብ አስቀመጠ፦ የአንድን ማኅበራዊ ነገር መነሻ ምክንያትና የሚሰጠውን ተግባር ለየብቻ ፈልጉ። አንድ ነገር ጠቃሚ መሆኑ እንዴት እንደተፈጠረ አይነግረንም።

ይህን እድር ላይ እንሞክረው። በአመጣጡ ላይ አጥኚዎች ሙሉ በሙሉ አይስማሙም፤ አብዛኞቹ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከከተማ መስፋፋትና ከገጠር ወደ ከተማ ከሚደረግ ፍልሰት ጋር ያያይዙታል። ዘመዱን ርቆ የሚኖር ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል የሚለው ጭንቀት መነሻ ሊሆን ይችላል። ዛሬ እድር ዋስ ለማግኘት፣ ጎረቤት ለማስታረቅ፣ መረጃ ለማዳረስ ማገልገሉ ግን የመነሻው ማስረጃ አይደለም። እነዚህ በኋላ የተደረቡ ናቸው።

ከዱርካይም በኋላ ሐሳቡን የእንግሊዝ አንትሮፖሎጂስቶች ወሰዱት። ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ልማዶች የግለሰብን ፍላጎት ያሟላሉ ሲል፣ ራድክሊፍ ብራውን ግን ትኩረቱን የማኅበራዊ መዋቅሩ ቀጣይነት ላይ አደረገ። «ስትራክቸራል» የሚለው ቃል በዋናነት ከዚህ ሁለተኛው መስመር ጋር ይያያዛል። በአሜሪካ ደግሞ ታልኮት ፓርሰንስ ማንኛውም ሥርዓት ለመቆየት አራት ነገሮችን መፈጸም አለበት አለ፦ ከአካባቢው ሀብት ማግኘት፣ ግብ ማስቀመጥና ማስፈጸም፣ ክፍሎቹን ማቀናጀት፣ እሴቱን ለተተኪ ማስተላለፍ። እድር ላይ ብንለጥፈው ወርሃዊ መዋጮ፣ ኮሚቴ፣ መተዳደሪያ ደንብና መቀጫ፣ ወጣቱ ድንኳን እየተከለ የለቅሶን ወግ የሚማርበት አጋጣሚ ይሆናሉ። ልክ ነው፤ ግን ይህ ሠንጠረዥ ለየትኛውም ነገር ይሞላል። ሁሉንም የሚገልጽ ሠንጠረዥ የትኛው እድር ለምን እንደፈረሰ ሊነግረን አይችልም።

መርተን ያስተካከለው

የፓርሰንስ ተማሪ የነበረው ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው ሥራ የቀደሙት ፈንክሽናሊስቶች በዝምታ ይዘዋቸው የነበሩ ሦስት ግምቶችን ለይቶ ተቃወመ። የመጀመሪያው አንድ ልማድ ለመላው ማኅበረሰብ በአንድነት ይጠቅማል የሚለው ነው። ሁለተኛው በሕይወት ያለ ልማድ ሁሉ በጎ ተግባር አለው የሚለው። ሦስተኛው ያ ልማድ ፈጽሞ የማይተካ ነው የሚለው። ከላይ የጠቀስነው የመጀመሪያው ተከራካሪ ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዟቸዋል።

መርተን በምትካቸው ያቀረባቸው መሣሪያዎች ዛሬም ይሠራሉ። ግልጽ ተግባር ተሳታፊዎቹ የሚያውቁትና የሚፈልጉት ውጤት ነው። ስውር ተግባር ያላሰቡትና ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ውጤት ነው። የሱ ምሳሌ በአሜሪካ የሆፒ ሕዝብ የዝናብ ሥነ ሥርዓት ነበር፦ ዝናብ ባያመጣም ተበታትኖ የሚኖረውን ሕዝብ በየጊዜው ያሰባስባል። ዲስፈንክሽን ወይም አፍራሽ ተግባር ሥርዓቱን የሚጎዳ ውጤት ነው። የተግባር ምትክ ደግሞ ያንኑ ውጤት ሊሰጥ የሚችል ሌላ መዋቅር ነው። ከሁሉም በላይ «ለማን?» የሚለውን ጥያቄ አስገዳጅ አደረገው፤ ያው ልማድ ለአንዱ ቡድን ጠቃሚ፣ ለሌላው ጎጂ ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። መርተን በአሜሪካ ከተሞች የነበሩትን የፖለቲካ አለቆች መረብ ምሳሌ አድርጎ፣ ሙሰኛ ቢሆንም ለስደተኛው ሥራና እርዳታ ያደርስ ስለነበር ምትክ ሳያበጁ ማፍረሱ እንደማይሳካ አስረዳ። ስውር ተግባሩን ሳያጠና መዋቅርን የሚያፈርስ ማሻሻያ፣ በሱ እይታ፣ ሥነ ሥርዓት እንጂ ለውጥ አይደለም።

የእድር ሒሳብ

አሁን ወደ እድሩ ውስጥ እንግባ። ግልጽ ተግባሩ ሁለት ነው፤ ገንዘብና ጉልበት። ጥሩምባ ነፊው ሞት ሲያሰማ አባላት ይወጣሉ፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ብረት ድስት ከመጋዘን ይመጣል፣ ወንዶቹ መቃብር ያስቆፍራሉ፣ የሴቶች እድር ንፍሮና ምግቡን ይይዛል። ክፍያው እንደ ዝምድናው ይለያያል፤ ለአባሉ ራሱ ወይም ለትዳር ጓደኛ ከፍ ያለ፣ ለወላጅና ለልጅ፣ ከዚያም ለአማትና ለእህት ወንድም እየቀነሰ የሚሄድ። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። አዲስ ገቢ የመግቢያ ይከፍላል። መግቢያው የጥቂት ሰዎች ስስት አይደለም፤ ሰው ታሞ ሲተኛ ብቻ እንዳይመዘገብ የሚያደርግ፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም በሌላ መልክ የሚጠቀሙበት መከላከያ ነው።

ለማሳያ ያህል 200 አባላት ያሉት፣ እያንዳንዱ አባል በወር 50 ብር የሚያዋጣበት እድር እናስብ። በዓመት 120,000 ብር ይሰበስባል። ለአንድ ለቅሶ በአማካይ 8,000 ብር ቢከፍል 15 ለቅሶ ይሸፍናል። አሁን 80 አባላት ወደ ሌላ ቦታ ተነሡ እንበል። ቀሪዎቹ 120 አባላት 72,000 ብር ያዋጣሉ፤ የሚጠበቀው ለቅሶም ወደ 9 ስለሚወርድ ሒሳቡ በአማካይ ይመጣጠናል። ታዲያ ምን ይበላሻል?

ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ቋሚ ወጪው አይቀንስም። የመጋዘን ኪራይ፣ የጥሩምባ ነፊው አበል፣ የድንኳን ጥገና በዓመት 12,000 ብር ቢሆን የነፍስ ወከፍ ድርሻው ከ60 ወደ 100 ብር ይወጣል። ሁለተኛ፣ ቡድኑ ሲያንስ ክፉ ዓመት ይበልጥ ይጎዳል። 15 ለቅሶ ለሚጠብቅ እድር 19 የደረሰበት ዓመት ከአራት አንድ ገደማ ጭማሪ ነው፤ 9 ለሚጠብቅ ግን 12 መድረሱ የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ ሆኖ፣ ያውም በዚያው መጠን ሊከሰት የሚችል ነው። ሦስተኛ፣ የሚሄዱትና የሚቀሩት አይመሳሰሉም። ጎልማሶቹ ከሄዱና አዛውንቶቹ ከቀሩ የለቅሶው ቁጥር እንደ አባላቱ ቁጥር አይወርድም። ላይ ላዩን የተመጣጠነ የሚመስለው ሒሳብ የሚናጋው እዚህ ላይ ነው። የሚሄዱት ደግሞ «ድንኳኑና ወንበሩ የእኛም ነው» ብለው ድርሻ ሲጠይቁ ደንቡ መልስ ላይኖረው ይችላል፤ ብዙ ደንብ የአንድ አባልን መውጣት እንጂ የግማሹን ሰፈር መነሣት አስቦ አልተጻፈም።

ስውር ተግባራቱ ከሒሳቡ ውጭ ናቸው። በእድር ስብሰባ ሰው ማን ታማኝ እንደሆነ ያውቃል። ዋስ የሚሆንለት፣ ሽማግሌ የሚሆንለት፣ ልጁን የሚያስጠጋለት ከዚያ ይገኛል። ይህ እውቀት በአንድ ወር መዋጮ አይገዛም፤ በዓመታት የተከማቸ ነው። ገንዘቡ በባንክ ወደ አዲሱ ሰፈር ሊዛወር ይችላል፤ ይሄ ግን አይዛወርም።

አፍራሽ ተግባርም አለ፤ ይህንን የእድር ወዳጆች መዝለል ይወዳሉ። በመጀመሪያ፣ መዋጮ መክፈል ያልቻለ ድሃ ከእድር ሲወጣ ከቀብር ክፍያ ብቻ ሳይሆን ከሰፈር ሰውነትም ይወጣል። ሁለተኛ፣ ትንሽ የአካባቢ ማኅበር ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚመታ አደጋ መሸከም አይችልም። በኤችአይቪ/ኤድስ ስርጭት ከባድ ዓመታት የለቅሶው ብዛት የእድሮችን ካዝና ያራቆተው ለዚህ ነው፤ ከፊሎቹ ከቀብር አልፈው ሕሙማንን በቤት ወደ መንከባከብና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ መርዳት የዞሩትም በዚያው ጊዜ ነው። መዋቅሩ ሳይለወጥ ተግባሩ ሲለወጥ የሚታይበት ግሩም አጋጣሚ ነበር።

ተቃራኒው፣ ማለትም ተግባሩ ጸንቶ መዋቅሩ ሲለወጥ፣ በውጭ አገር ይታያል። በአሜሪካ ያሉ የኢትዮጵያውያን እድሮች ድንኳን የላቸውም፣ ጥሩምባም አይነፋም፤ ሞቱ በስልክ መልእክት ይነገራል። ትልቁ ወጪ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ወይም እዚያው ማስቀበር ነው። ጉልበቱን የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ስለሚሠራው፣ የቀረው በዋናነት ገንዘብና አብሮ ማልቀስ ነው።

እንግዲህ «ኢንሹራንስ ይተካዋል» የሚለው ሁለተኛው ተከራካሪ ከፊል ልክ ነው። ኢንሹራንስ ገንዘቡን ይተካል፤ ሰፊ ሕዝብን ስለሚያቅፍ ለወረርሽኝ ዓይነት አደጋ እንዲያውም ይሻላል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበርም በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት ሊፍቱን፣ ደረጃውንና ግቢውን ያስተዳድራል። ሁለቱ ተደምረው ግን ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሰው አይሰጡም።

ጎጂ ልማድ ለምን ይቆያል?

የንድፈ ሐሳቡ ጉልበት ይበልጥ የሚታየው የማንደግፈውን ነገር ስንመረምርበት ነው። የሴት ልጅ ግርዛትን እንውሰድ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ይከለክለዋል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመት 80 በመቶ፣ በ2005 ዓመት 74 በመቶ፣ በ2016 ዓመት ደግሞ 65 በመቶ ነበሩ። እየቀነሰ ነው፤ ቢሆንም አልጠፋም።

«ባህል ስለሆነ» የሚለው መልስ ምንም አያስረዳም። የተሻለው ማብራሪያ ልማዱ በአንዳንድ ማኅበረሰቦች ለጋብቻ ብቁ የመሆን ምልክት ሆኖ ማገልገሉ ነው። ሁሉም ቤተሰብ ጎጂነቱን ቢያውቅም፣ ብቻውን የተወ ወላጅ ልጁ ሳታገባ እንዳትቀር ይፈራል። እያንዳንዱ የሌላውን እየተጠባበቀ ሁሉም ይቀጥላል። ስለዚህ አንድን ቤተሰብ ማስተማር ብቻ አይበቃም፤ ምልክቱ አብሮ መለወጥ አለበት።

ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረተችው ኬኤምጂ የተባለ የሴቶች መብት ድርጅት በከምባታ የሠራው በዚሁ አቅጣጫ ነው። የማኅበረሰብ ውይይት ተካሄደ፤ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ ሠርግ ተዳሩ፤ ወጣት ወንዶችም ያልተገረዘች ሴት እንደሚያገቡ በይፋ ተናገሩ። የጋብቻ ብቁነትን የማሳወቁን ተግባር ሌላ ነገር ተረከበው። ያለዚህ ሕጉ ብቻውን ልማዱን ወደ ድብቅ ሊያወርደው ይችል ነበር።

እዚህ ላይ የተግባር ትንተና ማጽደቂያ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ልማዱን የሚያቆየው ተግባር አለ ማለት ይቆይ ማለት አይደለም። እንዲያውም የት ቢነካ እንደሚወድቅ የሚያሳየው ያው ትንተና ነው።

ደመወዝና «አስፈላጊነት»

ስለ አለመመጣጠን ያለው ክርክር የንድፈ ሐሳቡ በጣም አወዛጋቢ ክፍል ነው። አሜሪካውያኑ ሶሺዮሎጂስቶች ኪንግስሊ ዴቪስና ዊልበርት ሙር እ.ኤ.አ. በ1945 ለማኅበረሰብ ወሳኝ የሆኑና ረጅም ሥልጠና የሚጠይቁ ቦታዎች ብቁ ሰው እንዲያገኙ ከፍ ያለ ክፍያና ክብር ሊኖራቸው ይገባል፤ የገቢ ልዩነትም ከዚህ ይመነጫል አሉ። ሜልቪን ቱሚን በ1953 ሲመልስ፣ የአንድን ሥራ አስፈላጊነት ከክፍያው ውጭ በምን ለካችሁት ብሎ ጠየቀ። ክፍያው ከፍ ስላለ አስፈላጊ ነው፣ አስፈላጊ ስለሆነ ክፍያው ከፍ አለ ካልን እየተሽከረከርን ነው። ከዚያም በላይ ከድሃ ቤት የተወለደ ባለ ተሰጥኦ ወደ ሥልጠናው ካልደረሰ፣ አለመመጣጠኑ ራሱ ተሰጥኦን ያባክናል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ያነሡት የደመወዝ ጥያቄ ከዚህ ክርክር ጋር ይገጥማል። ዓመታት የሚፈጅ የሕክምና ትምህርት የጨረሰ ሰው ቤት ኪራይ የማይሸፍን ደመወዝ የሚያገኝ ከሆነ፣ ክፍያን የሚወስነው አስፈላጊነት ብቻ አይደለም ማለት ነው። የመንግሥት የመክፈል አቅም፣ የባለሙያው የመደራደር ኃይልና ወደ ውጭ የመሄድ አማራጩ አብረው ይወስናሉ። ሶሺዮሎጂስቱ ኸርበርት ጋንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሽሙር አዘል ትንተና የድህነትን ከአሥር በላይ «ጥቅሞች» ዘርዝሮ፣ ጥቅሙ በአብዛኛው ለድሆቹ ሳይሆን ለሌሎች መሆኑን አሳይቷል። «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ትችቱ የት ላይ ይመታል?

ራልፍ ዳረንዶርፍን የመሰሉ የግጭት ንድፈ ሐሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈንክሽናሊዝም ስምምነትን አጋንኖ ኃይልንና ማስገደድን ይደብቃል አሉ። በኢትዮጵያ ጥናት ውስጥም የዚህ ጥላ አለ። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ የፓርሰንስን ሐሳብ ተጠቅሞ ኢትዮጵያን እርስ በርስ የሚደጋገፉ ሕዝቦች ሥርዓት አድርጎ አቀረበ። የተቃወሙት ሰዎች መደጋገፉን አልካዱም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበረው መስፋፋት በጦር ኃይል የተፈጸመ መሆኑ ክብደቱን አላገኘም ነው ያሉት። ትችቱ ተገቢ ይመስለኛል፤ ግን ስለ ንድፈ ሐሳቡ የሚነግረን ምን መጠየቅ እንደሚዘነጋ ነው፣ ጥያቄው ፈጽሞ አይቻልም ማለቱ አይደለም። ሉዊስ ኮዘር ግጭትም ራሱ የሚያስተሳስር ተግባር ሊኖረው እንደሚችል በ1956 አሳይቷልና።

የበለጠ የሚከብደው ትችት የአመክንዮ ነው። «እድር የቆየው ስለሚያስተሳስር ነው» ስንል ውጤቱን ምክንያት እያደረግነው ነው። ውጤት መልሶ መዋቅሩን እንዴት ያቆየዋል? መመለሻ መንገዱን ማሳየት ያስፈልጋል። እድር ላይ መንገዱ ይታያል፦ በወቅቱ ያልከፈለ እድር አባላቱን ያጣል፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፣ በደንብ የሚሠራውን ሌሎች እያዩ ደንቡን ይገለብጣሉ። ስለዚህ የተግባር ማብራሪያው ይቆማል። «ቡና ማፍላት የቆየው ጎረቤት ስለሚያስተሳስር ነው» ለሚለው ግን ተመሳሳይ መንገድ በቀላሉ አይገኝም። ምናልባት የቆየው ሴቶቹ በሌላ ቦታ የማያገኙት የመነጋገሪያ ጊዜ ስለሆነ፣ ምናልባትም ሥራውን ያለ ክፍያ የሚሸከሙት እነሱ ስለሆኑና ወጪው ስለማይቆጠር ይሆናል። ለማወቅ ማን እንደሚያፈላ፣ ማን እንደሚቀመጥ፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚደርስበት መጠየቅ ይጠይቃል።

ወደ ሰፈሩ ጥያቄ ስንመለስ

ይህ ሁሉ የመልሶ ማስፈር ሥራ ላይ ጥያቄውን ይለውጠዋል። «እድር ይጥፋ ወይስ ይኑር» ከማለት ይልቅ አንድ ሰፈር ከመነሣቱ በፊት የሚመለሱ ነገሮች አሉ፦ በሰፈሩ ስንት እድር አለ፣ አንድ ቤተሰብ በስንቱ ታቅፏል፣ ካዝናው ስንት ወር ያስኬዳል፣ ደንቡ ስለ ጅምላ መውጣት ምን ይላል፣ የአባላቱ የዕድሜ ስብጥር ምን ይመስላል፣ መክፈል የማይችሉት ስንት ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ ወሳኙ የአሰፋፈሩ ስልት ነው። የኮንዶሚኒየም ቤት በዕጣ ሲደርስ ጎረቤት ከጎረቤት ይለያያል፤ አንዱ አራብሳ፣ ሌላው ጀሞ ይገባል። ዕጣ ለፍትሕ የተመረጠ ስልት ነው፣ በዚያ ረገድም ጥሩ ምክንያት አለው፤ የእድር መበተን ግን ማንም ያላሰበው ስውር ውጤቱ ነው። ተነሺዎች በብሎክ ወይም በሰፈር ተጠቃለው ሲሰፍሩ መዝገቡም፣ ድንኳኑም፣ እርስ በርስ መተዋወቁም አብሮ ይሄዳል፤ ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ግን የወለልና የቤት ስፋት ምርጫ መጥበቡ ነው። በሁለቱ መካከል ያለ መንገድም አለ። ዕጣው በግለሰብ ሳይሆን በእድር ወይም በቡድን ስም ሊወጣ፣ ካልሆነም በተመሳሳይ ሳይት ለሚወድቁ አባላት የነባሩ እድር ንብረት በድርሻ የሚከፈልበት አንቀጽ ሰፈሩ ከመነሣቱ በፊት ደንቡ ላይ ሊጨመር ይችላል። ይህን አንቀጽ ለማጽደቅ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ጉባኤው ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው አባላቱ ገና በሰፈሩ እያሉ ነው።